አሥራ ሰባተኛው መለኪያ

በርናባስን ያገኙት በደረጃው ግርጌ ነው። ጭንቅላቱ መጨረሻው እርከን ላይ፣ እግሮቹ ወደ ላይ፤ አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ደረጃው መሃል ቀርቷል። ጫማው እንደ ሁልጊዜው ተወልውሎ ያብለጨልጫል። በስተቀኙ፣ ግድግዳው ሥር፣ ሊያልቅ የተቃረበ የአረቄ ጠርሙስና አንዲት መለኪያ ጎን ለጎን ቆመዋል። የሸሚዙ ሽታ እስከ ውጭው በር ይደርሳል።

ከበላዩ፣ በአዳራሹ መግቢያ፣ ትናንት የተሰቀለ ሰፊ ጨርቅ አለ። «በልክ፦ ጎጂ አጠጣጥን ለመቀነስ የመጠጥ ፋብሪካውና የማኅበረሰቡ አጋርነት» ይላል። በዚያው ዕለት በአራት ሰዓት፣ ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ባሉበት ስምምነቱ ሊፈረም ነበር። ከፈራሚዎቹ አንዱ በርናባስ ነበር። አሥር ዓመት ጠጥቶ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይቀምስ የኖረ፣ ሃያ ሦስት ሰዎችንም ከመጠጥ ያወጣ ሰው።

ኢንስፔክተር ሙንተሃ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። በስልኳ ጥቂት ፎቶ አነሳች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሬሳውን መረመረች። ከኋላዋ ሳጅን አየለ ቆሟል፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ጣቢያው ውስጥ በትንሽ ወሬውና በብዙ ሻዩ የሚታወቅ ፖሊስ።

«ጋሽ አየለ፣ እኔ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። እርስዎ ይንገሩኝ፤ ይህ ሰው ምን ያህል ጠጥቷል?»

«ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው እንግዲህ።»

«የጠጣው ሆዱ ነው ወይስ ሸሚዙ?»

አየለ ጠጋ ብሎ አየ። ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ቀበቶው ርሶ ደርቋል።

«ሸሚዙ ብዙ ጠጥቷል» አለ።

«ደረጃው አሥራ አራት እርከን ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሰውየው እስከ ታች ተንከባሎ አንገቱ ተሰበረ። መለኪያዋ ግን ጫፏ እንኳ አልተሸረፈም። ጎበዝ መለኪያ ናት።»

«ሰው አስቀምጧት ነዋ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ይያዙልኝ።»

አየለ ጓንት አጥልቆ ጠርሙሱን አነሳ። ቀጥሎ መለኪያዋን። ወደ ግድግዳው የዞረውን ጎኗን ሲያይ እጁ ለአፍታ ቆመ። ወዲያው በጋዜጣ ጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ከተታት። ሙንተሃ አየችው።

ሬሳውን ያገኘው የግቢው ጥበቃ ባህሩ ነው። ትናንት ከሰዓት አራት ሰዎች ፎቅ ላይ ስብሰባ ነበራቸው፤ በርናባስ፣ መጠጥ የሚተዉ ሰዎችን የሚረዳው ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ፣ ከፋብሪካው አልአዛር፣ የአጋርነቱን ጥናት ያጠናው ጉልላት። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ባህሩ እራት ሊበላ ወጣ። አንድ ሰዓት ላይ ሲመለስ መብራቱ ጠፍቷል፤ ሁሉም የሄዱ መስሎት የግቢውን በር ቆለፈ።

«አዳራሹን አላየህም?»

«ምኑን አየዋለሁ? ጨለማ ነው።»

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነው።

«ሙንተሃ፣ ሰክሮ የወደቀ ሰው ነው አሉኝ።»

«ማን አለዎት ጌታዬ?»

«ሁሉም ነው የሚለው። እንግዶቹ ከተማ ገብተዋል። ፊርማው ለነገ አሥር ሰዓት ተዛውሯል፤ ከዚያ በፊት ዝጊው።»

«ደሙ ይመርመር።»

«ይመርመር። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ወር ነው። ሁለት ወር ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂ ነው?»

ስልኩን ዘጋው።

ሮሆቦት በሩ ላይ ቆማ ነበር። የበርናባስ አንድያ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ነጩን ካፖርት ሳታወልቅ ነው የመጣችው። አላለቀሰችም። ሬሳው በአምቡላንስ እስኪሄድ ጠብቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ጠጥቶ ነው?»

«ገና አላወቅሁም።»

«ይወቁልኝ። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጋሽ ደምሴ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰክሮ ነው የሞተው ብለው፣ መዘምራን አይወጡም ተብሏል። ይህስ ይሁን። አባቴ ያዳናቸው ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ቤት ይመጣሉ፤ ለቅሶ ሊደርሱ መስሎኝ ነበር። መለኪያዬን ስጪኝ ነው የሚሉኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እነሱ ያውቁታል። እሱ ካልቻለ እኛ እንዴት እንችላለን ማለታቸው ነው። እስካሁን ስድስት ሰው ጠይቆኛል።»

ማታውን አሥራ አንድ ደረሱ።

*

ሙንተሃ መጀመሪያ የሄደችው መሃል ሐዋሳ ወደሚገኘው የፋብሪካው ቢሮ ነው። አልአዛር የፋብሪካው የማኅበረሰብ ጉዳዮች ኃላፊ ነው፤ ሱፉ አዲስ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።

«ጠርሙሱ የእናንተ ነው» አለችው።

«የእኛ ነው። ገበያ ላይ ግን የለም። አዲሱ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያለበት ለፊርማው የተዘጋጀ ነው፤ ስድስት ጠርሙስ። ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከመኪና አውጥቼ ራሴ ነኝ ፎቅ ጠረጴዛው ላይ፣ ጽሑፋቸውን በርናባስ እንዲያየው ወደ ወንበሩ አዙሬ የደረደርኳቸው።»

«ማን ነበር ያኔ?»

«በርናባስና ጋሽ ደምሴ። ጉልላት ቀድሞ ወጥቷል። እኔም ደርድሬ ወጣሁ።»

«ስብሰባው ሰላም ነበር?»

አልአዛር እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «በርናባስ አልፈርምም አለ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። ሪፖርቱ ‹በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጎጂ አጠጣጥ ከአምስት አንድ እጅ ቀነሰ› ይላል፤ ይህ ውጤት በሌሎች አገሮች ሁሉ እንደ ምሳሌ ሊቀርብ ነው። እሱ ደግሞ ቁጥሩ ውሸት ነው ይላል።»

«ተናደድክ?»

«ተናደድኩ። ግን ሰውየውን እወደው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉዱማሌ መናፈሻ ሲሰበሰቡ እሄዳለሁ። የሰዎቹን መለኪያ ይዞ የሚመጣበትን ሣጥን ለካላንደር ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አንድ ነገር አስረዳኝ። አረቄ የሚሸጥ ፋብሪካ ሰው አረቄ እንዲቀንስ ለምን ይፈልጋል?»

«አንዋሽም ኢንስፔክተር። በልክ የሚጠጣ ሰው ብዙ ዘመን ይጠጣል።»

«ይህንንም ካላንደሩ ላይ ጻፉት» ብላ ተነሳች።

አቶ ደምሴን ያገኘቻቸው ቤታቸው በረንዳ ላይ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። ፊታቸው ደክሟል።

«ከእሱ ጋር መጨረሻ የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ደምሴ።»

«ነኝ። ፈርም ብዬ ለመንኩት። ፋብሪካው የምክር ማዕከል ሊሠራልን ነው፤ ሰው የሚተኛበት፣ ሐኪም ያለበት። ቁጥሩ ውሸት ቢሆንስ? ማዕከሉ እውነት ነው አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ጌታዬ፣ በውሸት የተጀመረ ቤት ውስጥ ሰው እውነት አይናገርም› አለኝ። ሁሉንም ሰው ጌታዬ ነው የሚለው፤ ታውቂ የለም። ተናድጄ ጥዬው ወጣሁ። ብቻውን ነበር። ልጄ፣ እኔ ጥዬው በመውጣቴ ይሆን የጠጣው?»

«መዘምራን አይወጡም ያሉት እርስዎ ናቸው?»

«ሃያ ሦስቱን ምን ልበላቸው? ሰክሮ የሞተን ሰው በመዝሙር ሸኝቼ?»

«ካልሰከረስ?»

«አረጋግጪልኝ፤ እኔው እዘምራለሁ።»

«ድምፅዎ ጥሩ ነው?»

«መጥፎ ነው።»

ጉልላት ሐይቁ ዳር በሚገኝ ሆቴል ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ ትምህርቱን ግን ገና አልጨረሰም፤ አንድም ቀን አላረማቸውም። ከወር በኋላ በአጋርነቱ የውጭ አገር ቢሮ ሥራ ይጀምራል።

«እጅግ ያሳዝናል» አለ። «ግን የሚጠበቅ ነው። በስድስተኛው፣ በሰባተኛው ዓመት የሚመለሱ ጥቂት አይደሉም። በዚያ ላይ ሰውየውን ከስድስት ጠርሙስ ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ ጽሑፋቸው ወደ እሱ ዞሮ። ማን ይችላል?»

«እርስዎ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት። ባጃጅ ይዤ ቀጥታ ወደዚህ።»

«በርናባስ ቁጥሩ ውሸት ነው ያለው ምኑን ነው?»

«ጥናት የማያውቅ ሰው ነው። አራት መቶ ቤት ነው የተጠናው፤ በተጨማሪ የእሱ ሃያ አራት ሰዎች፣ ራሱን ጨምሮ።»

«ሰዎቹን ያውቋቸዋል? ጉዱማሌ ሄደው ያውቃሉ?»

«አያስፈልግም። ተመራማሪ ከሰዎቹ ጋር ከተቀራረበ ጥናቱ ይበላሻል። ለእኔ ቁጥር ናቸው። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ያለው እኔ ጋ ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ አሽጌ ለበርናባስ ሰጥቻለሁ፣ የመለኪያዎቹን ስቲከር በዚያው መሠረት እንዲለጥፍ።»

«ሌላ ያየው የለም?»

«ማንም። ምስጢር ነው።»

ሙንተሃ አመስግና ወጣች። ከእንግዳ መቀበያው ጋር ትንሽ አወራች። ሐይቁ ላይ ጀልባዎች ነበሩ፤ ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ። አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ አልመለሰችለትም።

*

በማግስቱ ጠዋት ሮሆቦትን ይዛ ወደ ፎቁ ወጣች። አየለ ደረጃው ሥር ቀረ፤ ጉልበቴን ያመኛል አለ።

የበርናባስ ቢሮ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና አንድ መስኮት ነው። ጥጉ ላይ ሃያ አራት ክፍል ያለው አሮጌ የቢራ ሣጥን አለ። በየክፍሉ አንድ አንድ መለኪያ ተቀምጧል፤ አንዱ ክፍል ብቻ ባዶ ነው።

«አስረጂኝ» አለች ሙንተሃ።

«ሰው መጠጥ ሲተው መጨረሻ የጠጣባትን መለኪያ ለአባቴ ያመጣል። ከተመለሰ መጥቶ ይወስዳል፤ አባቴ አይቆጣም፣ አይለምንም። ‹ቦታዋን አልሰጥም› ነው የሚለው። ሲተው እንደገና ያመጣታል።» ሮሆቦት የሣጥኑን ጠርዝ ዳሰሰች። «አንድ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ወስዶ ዘጠኝ ጊዜ መልሷል። አሁን ደኅና ነው።»

«ቁጥሮቹስ?»

«ዶክተሩ ናቸው የላኩት። አባቴ ግን እንደ ትእዛዙ አልለጠፈም። ቀድሞ ከተወው ጀምሮ በተራ ነው የለጠፈው። ሃያ ሦስቱን ለሃያ ሦስቱ። ሃያ አራተኛው ሲተርፈው ሣጥኑ ላይ ለጠፈው። አየሽው?» ሳታስበው አንቺ አለቻት።

ሣጥኑ ላይ 24 የሚል ስቲከር አለ።

«የአባትሽስ የትኛዋ ናት?»

ሮሆቦት ጎንበስ ብላ ከመጨረሻው ጥግ አንዲት መለኪያ አነሳች። ስቲከር የላትም። ጭረት አለባት። «ይቺ ናት። ለራሱ ቁጥር አልሰጠም። እኔ ዘበኛ ነኝ ይል ነበር።»

ሙንተሃ መለኪያዋን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻት። ውስጧ የስድስት ዓመት አቧራ ነበር፤ በጣቷ ብትነካው ዱካ ቀረ።

«እና የጠፋችው አሥራ ሰባት ቁጥር ናት» አለች፣ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ስምንት መካከል ያለውን ባዶ ክፍል እያየች። «የማን ናት?»

ሮሆቦት ወደ ደረጃው አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የጋሽ አየለ።»

ሙንተሃ ወረደች። አየለ የበርናባስ ጫማ ወድቆበት የነበረው እርከን ላይ ተቀምጧል። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

«ነገረችዎት» አለ።

«እርስዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጣቢያ ማንም አያውቅም። ሚስቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። ትናንት መለኪያዬን ከሬሳው አጠገብ ሳያት…» አልጨረሰም። «ማን ያምነኛል ብዬ ነው። ጠቀለልኳት። በመዝገቡም ‹አንድ መለኪያ› ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ቅጣቱን እቀበላለሁ።»

«ቁጥሯን ሌላ ሰው አይቷል?»

«ማንም። ቁጥሯ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ከዚያ ከጋዜጣው አልወጣችም።»

«ባህሩስ?»

«በሩ ላይ ሆኖ ነው የጮኸው፤ አልቀረበም።»

ሙንተሃ አጠገቡ ተቀመጠች። መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን የት እንደሚያርፍ ጠፋት።

«ጋሽ አየለ፣ ቅጣቱን በኋላ እናያለን። አሁን ግን ሳያውቁት ትልቅ ነገር ሠርተዋል።»

ተመልሳ ወጣች። የበርናባስን ጠረጴዛ ስትደገፍ ጠረጴዛው አልተንቀሳቀሰም። ወለሉ ግን ዘመም ያለ ነው። ጎንበስ ብላ አየች፤ ከአንዱ እግር ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ቡናማ ፖስታ አለ። አወጣችው። ‹ምስጢር› ይላል፤ ማኅተሙ አልተነካም።

«አባትሽ ይህን ከፍቶ አያውቅም?»

ሮሆቦት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ሰዎቼን በቁጥር አልጠራም ብሎ፣ ጠረጴዛው ይንገዳገድ ስለነበር…»

ሙንተሃ ሮሆቦት እያየች ቀደደችው፣ አነበበችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሮሆቦት ደግሞ አባቷ ቤት ትቶት የሄደውን ሪፖርት አመጣች። ከጀርባው የተጠኑት ቤቶች በቁጥር ተዘርዝረዋል፤ ብዙዎቹ ሥር በእርሳስ ተሰምሯል፤ አንዱ ጎን ‹እዚህ ማን ይጠጣል?› የሚል የበርናባስ ጽሑፍ አለ። ሙንተሃ ያንን የቤት ቁጥር አየችና ሳቅ አመለጣት። ስልኳን አወጣች።

«አክስቴ ኡሙልኸይር፣ እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምነው በጠዋት?»

«በሳምንት ስንት መለኪያ አረቄ ትጠጫለሽ?»

«ልጄ፣ ጤና የለሽም እንዴ?»

«አምስት ትጠጪ ነበር፣ አሁን ወደ ሁለት ወርደሻል ይላል።»

«ማነው የሚለው? አድራሻውን ስጪኝ።»

«መጥቶ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«ባለፈው ሳምንት አንድ ደግ ሰውዬ መጥቶ ይህንኑ ጠየቀኝ። ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ጌታዬ ጌታዬ ይለኛል፤ ሴት መሆኔን አላየም መሰለኝ።»

*

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ፤ አልአዛር፣ አቶ ደምሴ፣ ጉልላት፣ ሮሆቦት። ባህሩ በሩ ላይ፣ አየለ ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ሣጥኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አሥር ሰዓት ላይ ፊርማ አለን» አለ አልአዛር።

«አውቃለሁ፤ በየሰዓቱ ይነገረኛል። ለሦስታችሁ ወረቀት አለ። አንድ ጥያቄ ነው፤ የበርናባስ መለኪያ ቁጥሯ ስንት ነው? ሳትነጋገሩ ጻፉ።»

ጻፉ። ሰብስባ አነበበች።

«ጋሽ ደምሴ፤ ‹ቁጥር የለውም›። አልአዛር፤ ‹ቁጥር አልነበራትም፣ ጥጉ ላይ ያለችው›። አቶ ጉልላት፤ ‹አሥራ ሰባት›።»

አቶ ደምሴ ወደ ጉልላት ዞሩ። «አሥራ ሰባት? አሥራ ሰባትማ የ…» አሉና አየለን አይተው አቆሙ።

«የእኔ ናት» አለ አየለ፣ ከግድግዳው ሥር። ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር።

ሙንተሃ ጨርቁን ገፈፈች። «ከሬሳው አጠገብ የተገኘችው መለኪያ አሥራ ሰባት ቁጥር ናት። ያንን እስከ አሁን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። አስቡት። አንድ ሰው በርናባስ ወደ መጠጥ ተመለሰ ለማሰኘት ፈለገ። ልማዳቸውን ያውቃል፤ የተመለሰ ሰው መለኪያውን ከሣጥኑ ይወስዳል። ስለዚህ የበርናባስን መለኪያ አውጥቶ አጠገቡ አቆመ። ግን ተሳሳተ። ቅዳሜ ጉዱማሌ ላይ አንድ ጊዜ የቆመ ሰው እንኳ የበርናባስ መለኪያ ቁጥር እንደሌላት ያውቃል። ጋሽ ደምሴ አይሳሳቱም። ፎቶ ያነሳው አልአዛር አይሳሳትም። የሚሳሳተው ሰዎቹን ከዝርዝር ብቻ የሚያውቃቸው ነው።»

ፖስታውን አወጣች። «ትናንት ጠረጴዛ ይደግፍ ነበር፤ ዛሬ እስክከፍተው ማኅተሙ አልተነካም። ‹ቁጥር አሥራ ሰባት፦ በርናባስ› ይላል። በርናባስ በዓለም ላይ አሥራ ሰባት የሆነው በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ወረቀቱን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ማንም እንዳላየው ራሱ ነግሮኛል።»

«አጋጣሚ ነው» አለ ጉልላት። «የሆነ ሰው ከሃያ አራት አንዷን አነሳ። ይሄ ማስረጃ አይባልም።»

«ሊሆን ይችላል። እሺ ጠርሙሱን እንይ። በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣሁ ብለውኛል። አልአዛር፣ ጠርሙሶቹን ስንት ሰዓት አወጣህ?»

«አሥራ አንድ ተኩል። እሱ ሄዷል።»

«ቀድሞ የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ውስጥ፣ በካርቶን።»

«አቶ ጉልላት ግን ስድስት እንደሆኑ፣ ጽሑፋቸውም ወደ በርናባስ ወንበር እንደዞረ ነገሩኝ። ይህን ያየው ተመልሶ የመጣ ሰው ነው፤ ጋሽ ደምሴ ከወጡ በኋላ፣ ባህሩ እራት ላይ እያለ። ሆቴሉም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ የገቡት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከዚህ እዚያ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።»

ጉልላት ኮምፒዩተሩን ዘጋ። ለምን እንደዘጋው ራሱም ያወቀ አይመስልም።

«ለምን እንደተመለሱ ልንገርዎት? አራት መቶ ቤት አልተጠናም። አንድም ቤት አልተጠናም። በስልክ የጠየቋቸው የበርናባስን ሰዎች ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ የፋብሪካው መርሃ ግብር ሳይጀመር የተዉ ናቸው። የቀረውን እርስዎ ጻፉት። በርናባስ ቤት ለቤት ዞሮ አረጋገጠ፤ ሪፖርቱ ላይ አስምሮበታል። አክስቴ ቤትም ገብቷል፤ በዕድሜዋ አንድ ጠብታ የማታውቅ ሴት ሦስት መለኪያ ቀንሳለች ብለዋል። ይህን ለእንግዶቹ ሊናገር ነበር።»

«ልለምነው ነው የተመለስኩት» አለ ጉልላት። አሁን ማንንም አያይም። «አንድ ወር ብቻ ዝም በል አልኩት። ‹ጌታዬ፣ ና አብረን እንናገር፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አለኝ። አጠገቤ! እኔ እኮ የሚጠፋብኝ… ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ። ገፋሁት። ያን ያህል አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ሞቷል።»

«ከዚያ ሸሚዙን በአረቄ አጠቡት» አለች ሮሆቦት። ተቀምጣ ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «የገፉትን ልተውልዎት እችል ይሆናል፤ አላውቅም። አረቄውን ግን አልችልም።»

አየለ ቆቡን አደረገና ጉልላትን ሊይዝ መጣ። ደረጃው ሥር ሲያልፉ ጉልላት እግሩን አነሳ፣ ሰው የተኛበትን ቦታ እንደሚሻገር።

*

አልአዛር ብቻውን ቀርቶ ጨርቁን እያየ ነበር። «ሪፖርቱስ?» አለችው ሙንተሃ።

«ባለፈው ሳምንት ተልኳል። እደውላለሁ፤ እጽፋለሁ።»

«ፊርማውስ?»

«የእኔ ውሳኔ አይደለም።»

በአሥር ሰዓት ተፈረመ። ለበርናባስ ቦታ ሌላ ሰው አገኙ። አለቃዋ ደውሎ ጥሩ ሥራ ነው አላት፤ ደግነቱ ከፊርማው በፊት አለቀ አለ። አቶ ደምሴ ግን ፊርማው ላይ አልነበሩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመዘምራኑ ፊት ቆመው ዘመሩ። ድምፃቸው በእርግጥ መጥፎ ነው። ማንም አልሳቀም።

መለኪያችንን ስጪን ካሉት አሥራ አንድ ሰዎች ሰባቱ ተመልሰው ‹ይቅርብን› አሉ። አራቱ ወሰዱ፤ እውነቱን ሰምተውም ወሰዱ። የሁለት ቀን ወሬ እነሱ ላይ ሥራውን ሠርቷል። አሁን ሣጥኑን ቅዳሜ ቅዳሜ ጉዱማሌ የምትወስደው ሮሆቦት ናት፤ የአራቱን ቦታ ለማንም አልሰጠችም። የአሥራ ሰባት ቁጥርም ባዶ ነው፤ መለኪያዋ የክስ ማስረጃ ሆና መዝገብ ቤት ተቀምጣለች፣ ቀጠሮውም ይራዘማል። አየለ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት፣ አሁን በገሃድ ይመጣል፤ ባዶው ክፍል ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ሪፖርቱን ግን የመለሰው የለም። ከአምስት አንድ እጅ የሚለው ቁጥር በየስብሰባው ይነበባል፤ የሐዋሳ ምሳሌ ይሉታል።

የደም ምርመራው ውጤት በሁለት ወር ሳይሆን በአራት ወር መጣ። ሙንተሃ ራሷ ፋርማሲው ድረስ ወሰደችላት። ሮሆቦት ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አነበበችው። አልኮል አልተገኘም ይላል። ከላይ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ስም የለም፤ የናሙና ቁጥር ነው ያለው።

ሮሆቦት ከካፖርቷ ኪስ እስክሪብቶ አወጣች። ቁጥሩን ሰርዛ፣ ከበላዩ በትልልቅ ፊደል በርናባስ ብላ ጻፈች።